በላባ ኳስ እንጀራ ይበላል ወይ?

ጥያቄ፦ 17 ዓመቴ ነው። ፊንላንድ፣ ቫንታ ተወልጄ ያደግሁ የአገሩ ዜጋ ነኝ። ሉኪዮ (ከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት) ሁለተኛ ዓመት እማራለሁ። በባድሚንተን፣ ማለትም በራኬት በሚመታው የላባ ኳስ ጨዋታ፣ በእድሜዬ ካሉት ጥሩዎች አንዱ ነኝ፣ ሙያዬ ላደርገውም እፈልጋለሁ። አባቴ ግን «በላባ ኳስ እንጀራ አይበላም» ይላል። ምን ትመክረኛለህ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ገንዘቡን በተመለከተ አባትህ አልተሳሳቱም።

ከአገርህ ሰው ልጥቀስልህ። የባድሚንተን ተጫዋቿ አኑ ኒየሚነን ሲድኒ 2000፣ አቴንስ 2004፣ ቤጂንግ 2008፣ ለንደን 2012፣ አራት ኦሎምፒክ ላይ ተጫውታለች። ያገባችው ደግሞ የቴኒስ ተጫዋቹን ያርኮ ኒየሚነንን ነው። እሱ እ.ኤ.አ. በ2006 ከዓለም 13ኛ ደርሷል፤ በሽልማት ብቻ ከ7 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስቧል። በባድሚንተን እንዲህ ያለ ገንዘብ የሚያዩ በጣት ይቆጠራሉ። ሁለቱም ራኬት ነው የያዙት እኮ! ገበያው ነው የተለየው።

ሒሳቡን እንየው። የዓለም ደረጃ የሚሰላው በ52 ሳምንት ውስጥ ባገኘሃቸው 10 ምርጥ ውጤቶች ነው። ስለዚህ ከአሥር በላይ ውድድር መዞር አለብህ። ትኬት፣ ሆቴል፣ መመዝገቢያ፣ የራኬት ክር፣ ሁሉም ከኪስ ነው። ጀማሪዎች የሚገቡበት ፊውቸር ሲሪስ የተባለው የውድድር ደረጃ የገንዘብ ሽልማት የለውም። ከፍ የሚለው ኢንተርናሽናል ቻሌንጅ ብዙ ጊዜ በጠቅላላ 15,000 ዶላር አካባቢ ያቀርባል፤ እሱም ለአምስት የውድድር ዓይነት ይከፋፈላል። በነጠላ አንደኛ ብትወጣ እንኳ ሺህ ዶላርን ብዙም አያልፍም። እዚያው ቫንታ፣ ኢነርጊያ አሬና የሚካሄደው ትልቁ ውድድር አርክቲክ ኦፕን በጠቅላላ ከ400,000 ዶላር በላይ ሽልማት አለው። እዚያ ለመግባት ግን መጀመሪያ ደረጃ ይኑርህ።

ኳሱንም አትርሳ። 16 የዝይ ወይም የዳክዬ ላባ ነው፤ አንዱ ላባ ከተሰበረ ኳሱ በደንብ አይበርም፣ ይጣላል። አንድ ጠንካራ ልምምድ ቱቦ ሙሉ ኳስ ይጨርሳል። የኳሱን ወጪ ክለቡ ይችልህ እንደሆነ ዛሬውኑ ጠይቅ። ብዙ ወላጅ የሚደነግጠው በዚህ ሂሳብ ነው።

እና ተው እያልኩህ ነው? አይደለም። አገርህ ለዚህ የተመቸ ነው። ሉኪዮን በሦስት ፈንታ በአራት ዓመት መጨረስ ይፈቀድልሃል፤ ሄልሲንኪ ያለው መከላንሪነም የስፖርተኞች ሉኪዮ ነው። የግዴታ ወታደርነቱም አይቀርልህም፤ ሄልሲንኪ ያለው የጦር ሰፈር ሳንታሃሚና ውስጥ የስፖርተኞች ክፍል ስላለ እዚያ ለመግባት ሞክር። ደመወዝ ነገር የምታገኘው ደግሞ ከውድድር ሳይሆን ከክለብ ነው። የጀርመንና የዴንማርክ ሊጎች የውጭ ተጫዋች ይቀጥራሉ። ማታ ማታ ሕፃናት ማሠልጠን ዛሬ ጀምር፤ የአሠልጣኝነት ኮርሱንም ውሰድ። መንግሥት ለስፖርተኞች ከግብር ነፃ ድጎማ ይሰጣል፣ እሱ ግን ውጤት ላላቸው ነው። በጀትህ ውስጥ አታስገባው።

እኔ ብሆን 22 ዓመት ሲሞላኝ ቆም ብዬ አያለሁ። የዓለም ደረጃዬ ወደ መጀመሪያዎቹ መቶ ካልተጠጋ ባድሚንተኑን ክለብ ውስጥ እየተጫወትኩ ዋና ሥራዬን ሌላ አደርጋለሁ። ቁጥሩ የእኔ ግምት ነው፤ አሠልጣኝህ ሌላ ሊልህ ይችላል።

ከአባትህ ጋር ከመቀመጥህ በፊት ከትምህርት ቤቱ የጥናት አማካሪ ጋር ቀጠሮ ያዝ። የአራት ዓመቱን የሉኪዮ ዕቅድ አጽፍና የአንድ ዓመት ወጪህን ከጎኑ አድርገህ ወረቀቱን ይዘህላቸው ግባ። በቃል ብቻ ከሄድክ እንደማይሰሙህ አንተም ታውቃለህ።