ለከፈለው ሰው የሚገባው ሰዓት

ውድ የሙያ ልጆቼ፣

የመጀመሪያ ሶፍትዌራችሁን ለሽያጭ ካወጣችሁ በኋላ፣ መቆለፊያው ተሰብሮ በነፃ ሲዘዋወር የምታዩበት ቀን ሊመጣ ይችላል። የደከማችሁበት ነገር ተሰርቋልና መናደዳችሁ ተገቢ ነው፤ የምለምናችሁ ግን በዚያ ንዴት ውስጥ ሆናችሁ የቀጣዮቹን ወራት የሥራ ዕቅድ እንዳታወጡ ነው።

እኔ አውጥቼ ነበር። በወጣትነቴ ከአንድ ባልደረባዬ ጋር የሠራነው የሒሳብ መዝገብ ፕሮግራም በሕገወጥ መንገድ ሲባዛ ስናይ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ካልተሰካ በቀር ፕሮግራሙን የማያስነሳ ቁልፍ ጨመርንበት፤ ለዚህም ከግማሽ ዓመት በላይ ፈጀን። ሰባሪዎቹ ፕሮግራሙ ቁልፉን የሚጠይቅበትን ቦታ ፈልገው ጥያቄውን አስቀሩት። ቁልፉ የተበላሸባት አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ግን፣ ዓመታዊ ሒሳብ በሚዘጋበት ሳምንት፣ በገንዘቧ የገዛችውን ፕሮግራም መክፈት አቅቷት ደወለችልን። ያልከፈለው ሲሠራ የከፈለችው ሥራ ፈታ መቀመጧ ዛሬም ሳስታውሰው ያመኛል።

እንዲህ ያለው ነገር በትልልቆቹም ላይ ደርሷል። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው «ስፖር» የተባለ የኮምፒውተር ጨዋታ ሲሸጥ የመጫኛ ፈቃዱ በ3 ጊዜ ብቻ ተወስኖ ነበር፤ የተሰበረው ቅጂ ግን በሰፊው ተሰራጨ፣ ገደቡም የከበደው ከፍሎ በገዛው ሰው ላይ ነበር። የሙዚቃ አሳታሚው ሶኒ ቢኤምጂ በ2005 እ.ኤ.አ. በሙዚቃ ሲዲዎቹ ላይ ያኖረው መከላከያ ደግሞ በገዢዎች ኮምፒውተር ውስጥ ራሱን እየደበቀ ለአጥፊ ፕሮግራሞች መሸሸጊያ ሆኖ በመገኘቱ፣ ሲዲዎቹ ከገበያ እንዲሰበሰቡ ተደረገ።

መቆለፊያን አንድ ሰው አንድ ጊዜ ከሰበረው ለሁሉም ተሰበረ ማለት ነው፤ እናንተ ግን አዲስ ሥሪት ባወጣችሁ ቁጥር እንደገና ትደክሙበታላችሁ። የተሰረቀ ቅጂ ሁሉ የቀረ ሽያጭ እንዳልሆነም አስቡ፤ ብዙዎቹ በነፃ ባያገኙት ኖሮ አይገዙትም ነበር።

ጥበቃ ይቅር አልልም። 5 ፈቃድ ገዝቶ በ10 ኮምፒውተር ላይ የሚጭን መሥሪያ ቤት አብዛኛውን ጊዜ በቸልተኝነት ያደርገዋልና፣ ቀላል የፈቃድ ቁጥር ለማስታወሻ ይበቃዋል። የፈቃድ ሰርቨራችሁ፣ ማለትም ፈቃዱን በኔትወርክ የሚያረጋግጠው ኮምፒውተር፣ መልስ ባይሰጥ ግን ፕሮግራሙ ሥራውን ይቀጥል። የተረፋችሁን ሰዓት ስልክ ለማንሳት፣ ስሕተት ለማረምና ለከፈለው ሰው ማሻሻያ ለማድረስ አውሉት። እኛ በመጨረሻ ለዚያች ሴት ያለ ቁልፍ የሚሠራ ቅጂ ላክንላት፤ እርሷ በዝርዝር ጽፋ የላከችልን የጉድለቶች ዝርዝር ለሚቀጥለው ሥሪታችን ዕቅድ ሆነ።