ክምሩ ነደደ፤ ካሳው ከማን ኪስ?

ጥያቄ፦ የምጽፍላችሁ ከምንጃር ነው። በጥር ወር የግማሽ ሄክታር የጤፍ ክምሬን ሰው ሆን ብሎ ለኮሰብኝ። ተይዞ ክስ ተመሥርቶበታል፤ ነገር ግን ከአንድ በሬ በቀር ጥሪት የለውም። መንግሥት እንደኔ ላለው ተበዳይ አይክስም? ቢክስስ ሕዝቡን ስንት ያስወጣዋል?

መልስ፦ ለቃጠሎ ተበዳይ ተብሎ ከመንግሥት ካዝና የሚከፈል ካሳ የለም። ከፋዩ አጥፊው ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 101 ካሳዎን ከወንጀሉ ክስ ጋር አጣምረው እንዲጠይቁ ይፈቅድልዎታል። ማመልከቻው የሚቀርበው ችሎቱ ጉዳዩን መስማት ሲጀምር ነው፤ የዳኝነት ክፍያም የለበትም። ብዙዎች ዓቃቤ ሕጉ ይጠይቅልኛል ብለው መስክረው ብቻ ይመለሳሉ። ማመልከቻው እንደ ማንኛውም የፍትሐ ብሔር ክስ የተዘረዘረ ይሁን።

ከአመድ ላይ ኩንታል አይሰፈርም። ስለዚህ የማሳውን ስፋት በይዞታ ደብተርዎ ያሳዩ፤ ምርቱን አጎራባች ማሳ ዘንድሮ በሰጠው ልክ ይገምቱና የግብርና ባለሙያ ይፈርምበት። ጎረቤት በሄክታር 18 ኩንታል ካገኘ የእርስዎ 9 ነው። ዋጋው በቃጠሎው ሰሞን አረርቲ ገበያ የዋለበት ሲሆን፣ የመውቂያና የማጓጓዣው ይቀነሳል። ጭዱን አይርሱ! ከብቱ የሚከርመው በእሱ ነው፤ በየማመልከቻው ተረስቶ የሚቀረውም እሱ ነው።

ተከሳሹ በነጻ ቢለቀቅ የወንጀል ችሎቱ ካሳውን አይወስንም፤ በፍትሐ ብሔር መክሰስ ግን ይችላሉ። ክሱን ማቅረቢያ ጊዜው በመሠረቱ 2 ዓመት ነው፤ የወንጀሉ ይርጋ (ክስ የማቅረቢያ የጊዜ ገደብ) ከዚያ ከረዘመ የረዘመው ይሠራል።

ቢፈረድልዎም በሬው ለኑሮው የግድ ነው ከተባለ በአፈጻጸም ላይያዝ ይችላል። ለዚህ አንቀጽ 102 አለ፦ አጥፊው የማይከፍል መስሎ ከታየ ፍርድ ቤቱ ከመቀጮው ወይም ከተወረሰ ዕቃ ሽያጭ ለተበዳዩ እንዲሰጥ ማዘዝ ይችላል። አንቀጹን በማመልከቻዎ ላይ በቁጥሩ ይጥቀሱት።

ወደ ሕዝብ ወጪው እንምጣ። ኒውዚላንድ በ1963፣ ብሪታንያ በ1964፣ ካሊፎርኒያ በ1965 እ.ኤ.አ. የጀመሩት የመንግሥት ካሳ ለአካል ጉዳት እንጂ ለተቃጠለ ንብረት አልነበረም። ቁስል የሐኪም ማስረጃ አለው፤ የነደደ ክምር ያለው ግምት ብቻ ነው፣ ግምት ደግሞ ያብጣል። እንበልና የአንድ ቤተሰብ ጣሪያ 50,000 ብር ሆኖ በአንድ ዞን በዓመት 200 ማመልከቻ ቢጸድቅ 10 ሚሊዮን ብር ይወጣል፤ የገማቹ አበልና ነዳጅ ሳይታሰብ። ይህ በደኅናው ዓመት ነው። በ2013 አጣዬ ላይ የደረሰው ዓይነት ቃጠሎ ሲመጣ የዓመቱ በጀት የአንድ ሰፈር ቆርቆሮም አይሸፍን።

እኛን ቢጠይቁን ሙሉ ዋጋ መክፈሉን ትተን እስከሚቀጥለው አዝመራ የሚያደርስ ቀለብና ዘር ብቻ፣ መጠኑ ለሁሉም አንድ ሆኖ ይሰጥ እንላለን። ግምት ከሌለ ገማችም ማጋነንም የለም። መንግሥትም የከፈለውን ያህል ከአጥፊው ይጠይቅ። ገንዘቡ ከየት ይምጣ ለሚለው፣ አሜሪካ በ1984 እ.ኤ.አ. ያቋቋመችው የተበዳዮች ፈንድ በዋናነት የሚሞላው ከግብር ሳይሆን ጥፋተኞች ለፌዴራሉ መንግሥት ከሚከፍሉት መቀጮ ነው። እዚያ ግን ትልልቅ ኩባንያዎችም ይቀጣሉ። እኛ ዘንድ የሚቀጣው ያው ባለ አንድ በሬው ሰውዬ ነው።