ለአባትሽ ስለ እርሾ ምን ትያቸዋለሽ?

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ባዮቴክኖሎጂ ተመርቀሽ ለማስተርስ ተቀብለውሻል። የእርሾን ካይኔዞች፣ ማለትም ሌሎች ፕሮቲኖች ላይ ፎስፌት እየለጠፉ ሥራቸውን የሚያበሩና የሚያጠፉ ኢንዛይሞችን፣ በሚውቴሽን (በጂን ለውጥ) እያበላሸሽ ልታጠኚ ነው። አባትሽ «ስለ እርሾ ለማወቅ እናትሽ አትበቃሽም? ባንክ ግቢ» አሉ። አንቺም መልስ አጥተሽ «እውነት የተበላሸ ጂን ምን ያስተምራል?» አልሽኝ። ይቺ ጥያቄ ከነከነችኝ።

እንግሊዛዊው የሴል ተመራማሪ ፖል ነርስ በ1970ዎቹ ስኮትላንድ፣ ኤድንብራ ውስጥ በቂ ሳያድጉ የሚከፈሉ ደቃቃ የእርሾ ሴሎች አገኘ። የተበላሸውን ጂን «ዊ» አለው፤ በስኮትላንዶች አነጋገር ትንሽ ማለት ነው። እስቲ አስቢው። ጂኑ ሲበላሽ ሴሉ ቸኩሎ ከተከፈለ፣ ደህና ሳለ ሥራው ፍሬን መያዝ ነበር ማለት ነው። ያ ፍሬን ካይኔዝ ሆኖ ተገኘ።

ነርስ እንዲህ ያሉ 50 ገደማ ዘሮች ለቀመ። አንዱን ዘር ያሳደገበትን ሳህን ሻጋታ ስለያዘው ጣለው። በኋላ ህሊናው እንቢ ቢለው ከቆሻሻው መልሶ አወጣው። የዚህኛው ዘር ሚውቴሽን ሌላ ጂን ላይ ነበር፤ ሲዲሲ2 ላይ። ይሄም ካይኔዝ ነው። እንዲህ ሲለወጥ ሴሉ ይቸኩላል፤ ጨርሶ ሥራ ሲያቆም ደግሞ ሴሉ ይረዝማል እንጂ አይከፈልም። ያ ዊ የተባለው ፍሬን የሚይዘው ሲዲሲ2ን ነው። በ1987 ቡድኑ ሲዲሲ2 የከዳውን እርሾ የሰውን ጂን ቢሰጠው፣ መከፈሉን ቀጠለ!

አባትሽ እርሾው ካልጣማቸው ስለ ደም ካንሰር ንገሪያቸው። በአንዱ ዓይነት፣ ክሮሞሶሞች ተሰብረው ሲቀያየሩ ኤቢኤል የሚባል ካይኔዝ ከሌላ ፕሮቲን ጋር ይጣበቅና አልጠፋ ይላል። ኢማቲኒብ የሚባለው ክኒን እሱን ነው የሚያስቆመው። በ2001 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ።

የብሩን ነገር ግን በግልጽ ልናገር። ወንድምሽ ሪያድ ሆኖ በላቡ በሚልከው አትማሪ። ያ የእሱ ጎጆ መውጫ ነው። አባትሽም ይቅር ይበሉኝና፣ ባንኩን የመረጡት «ልጄ ባንክ ናት» ለማለት ይመስለኛል። መጀመሪያ አንድ ዓመት የምርመራ ላብራቶሪ ተቀጠሪ። እኔ ስድስት ዓመት ቱቦ አጥቤ፣ ፒፔት ይዤ ነው እጄ የተፈታው። ደሞዙ ትንሽ ነው፣ ግን የራስሽ ነው።

እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው፣ ዕድሜዬም አልፏል ብለሽ ፈርተሻል። እንግሊዝኛሽ ይበቃል። በ24 ዓመትም «አልፎኛል» አይባልም።

ትምህርት ክፍሉ ቦታሽን ለአንድ ዓመት እንዲያቆይልሽ በጽሑፍ ጠይቂ። ምዝገባ ሳይጀመር፣ በዚህ ሳምንት። በቃል እሺ ቢሉሽ አትቀበዪ፤ ማህተም ያረፈበት ወረቀት ይዘሽ ውጪ።