ኬንያን ለመጀመሪያ ጊዜ ለምታዩ የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች፦ ጥያቄና መልስ

እህቴ ናይሮቢ ስለምትኖር ስድስት ክረምት ኬንያ ተመላልሻለሁ። ደሴ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ ትምህርት ሲዘጋ ነው የምሄደው። ዘንድሮ «ናይሮቢ፣ ሞምባሳ፣ ማሳይ ማራ አንድ ላይ ልንዞር ነው፣ አገሩን ግን አናውቀውም» የሚለኝ ሰው በዛ። ስለዚህ ዛሬ ሁላችሁም ጠይቁ፤ ጠያቂዎችን የምጠራው በሰፈራቸው ስም ነው።

ከመጀመራችን በፊት ሁለት ነገር ያዙልኝ። ሰዓት ሲነገራችሁ የማን ሰዓት እንደሆነ አረጋግጡ። ደግሞ አንድ ቦታ ቢያንስ ሁለት ሌሊት እደሩ።

ከቧንቧ ውሃ፦ መምህር፣ እኔና ባለቤቴ ከሁለት ልጆቻችን ጋር ነሐሴ ላይ 10 ቀን አለን። ናይሮቢ፣ ናይቫሻ ሐይቅ፣ የዱር እንስሳት ፓርኮቹን ማሳይ ማራና አምቦሴሊን፣ ከባሕር ዳርቻ ሞምባሳ፣ ማሊንዲና ላሙን ብለን ጽፈናል። ይበቃናል?

መልስ፦ አይበቃችሁም። እስቲ አብረን እንቁጠር። ሰባት ቦታ ማለት ስድስት ጊዜ መነሳት ነው። ሻንጣ ማሰር፣ መኪና መፈለግ፣ መንገድ፣ እንደገና ማረፊያ መፈለግ፤ በቃ ቀኑ አለቀ። ስድስቱ ቀን በዚህ ሄደ። የመግቢያና የመውጫ ቀን ሁለት። ከአስሩ የተረፋችሁ ሁለት ቀን ነው። ያን ሁሉ ገንዘብ አውጥታችሁ ልጆቹ የሚያስታውሱት የመኪና መስኮት ይሆናል።

ካርታ ላይ ቅርብ መስሎ መታየቱ አያታላችሁ። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። መሃል ያለውን የሐረጎ ተራራ ጉም ሲይዘው ግን ስንት እንደሚፈጅ እናንተው ታውቃላችሁ።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። ናይሮቢ ሦስት ሌሊት። ናይቫሻ ሁለት ሌሊት። ለሞምባሳው ባቡር ብላችሁ ናይሮቢ አንድ ሌሊት ትመለሳላችሁ፤ ከሁለት ሌሊት ሕጌ የምፈቅደው ይቺን ብቻ ነው። ከዚያ ሞምባሳ ሦስት ሌሊት። ትኬት ስትቆርጡ በናይሮቢ ገብታችሁ በሞምባሳ እንድትወጡ ጠይቁ። ከሞምባሳም ወደ አዲስ አበባ በረራ አለ። ያንኑ መንገድ ወደ ኋላ ከመመለስ ትድናላችሁ።

ናይቫሻን አትዝለሉ። ከፍታው ከኮምቦልቻ ብዙም አይርቅም፣ አየሩ ይስማማችኋል። እዚያ ሄልስ ጌት የሚባል ፓርክ አለ። ከመኪና ወርዳችሁ በእግር ወይም በብስክሌት የሜዳ አህያና ቀጭኔ መሃል ታልፋላችሁ። ከናይሮቢ ስትወጡ መንገዱ ስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ ያደርሳችኋል፣ እዚያ ቆማችሁ ወደ ታች እዩ። ከኮምቦልቻ በባቲ ወደ አፋር ስትወርዱ የምታዩት ያው ሸለቆ ነው። እኔ በመጀመሪያው ጊዜ እዚያ ቆሜ አገሬ የደረስኩ መሰለኝ።

ከሆጤ፦ ስንት ብር ይበቃል?

መልስ፦ ለስንት ሰው? ለስንት ሌሊት? ይህን ሳትነግረኝ መልስ የለኝም። መኝታ፣ መንገድ፣ ምግብ፣ የፓርክ መግቢያ ብለህ ለየብቻ ጻፍና በሌሊት አባዛው። ምንዛሬው በየጊዜው ስለሚቀያየር እኔ ቁጥር አልሰጥም።

ከአራዳ፦ ቪዛ ያስፈልጋል?

መልስ፦ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት አያስፈልግም። ደንብ ስለሚቀያየር ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የኬንያ ኢሚግሬሽን ገጽ ላይ አረጋግጡ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ግን የግድ ነው። ክትባቱን ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድማችሁ ውሰዱ። አንዴ ከተወሰደ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል።

ከኮምቦልቻ፣ በርበሬ ወንዝ፦ የናይሮቢ–ሞምባሳ ባቡር ጥሩ ነው ይላሉ። እንዴት ነው የሚያዘው?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር።

ባቡሩ ሥራ የጀመረው በ2017 በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ፈጣኑ አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ሳቮ የሚባለውን ትልቅ ፓርክ ሰንጥቆ ያልፋል፤ ዕድል ከቀናችሁ በመስኮት ዝሆን ታያላችሁ። የሳቮ ዝሆኖች በቀይ አፈር ስለሚንከባለሉ ቀይ ናቸው። ትኬቱ በኢንተርኔት ሲቆረጥ በአብዛኛው የሚከፈለው በኤም-ፔሳ ነው። ስለዚህ ናይሮቢ እንደደረሳችሁ በፓስፖርታችሁ የሳፋሪኮም ሲም አውጡና ኤም-ፔሳ አስመዝግቡ። በነሐሴ ትኬት ቶሎ ያልቃል። ጣቢያዎቹ ደግሞ ሁለቱም ከመሃል ከተማ ውጪ ናቸው። ፍተሻውም ረጅም ስለሆነ ከመነሻው አንድ ሰዓት ተኩል ቀድማችሁ ድረሱ።

አሁን ዋናው፦ ሰዓቱ። በመጀመሪያው ጉዞዬ ትኬቱ ላይ 08:00 የሚል ነበር። እኔ ሰዓት ስል የማውቀው የኛን ነው። መናኸሪያ ስምንት ሰዓት ከተባለ ከምሳ በኋላ ነው። ባለቤቴንና ልጄን ይዤ በኛ ሰባት ሰዓት ጣቢያው ደረስኩ። ጥበቃው ትኬቴን አየ፣ ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት በጣቱ አሳየኝ። ባቡሩ ከሄደ አምስት ሰዓት ሆኖታል። የዚያን ቀን የቀረ ቦታ አልነበረም። ልጄ ባሕር ሊያይ አዲስ ቁምጣ ለብሶ ነበር፤ ሻንጣው ላይ ቁጭ ብሎ ዝም አለ። ሞምባሳ የከፈልነው አንድ ሌሊት ቀለጠ።

ነገሩን የሚያከብደው ደግሞ ይኼ ነው። ስዋሂሊም ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛ ነው! ጠዋት ፀሐይ ከወጣች አንድ ይላሉ። «ሳ ምቢሊ» ማለት ሁለት ሰዓት ነው፣ የኛው ጠዋት ሁለት ሰዓት፤ ትኬት ላይ ግን 08:00 ተብሎ ይጻፋል። ስለዚህ በስዋሂሊ ከተነገራችሁ የኛ ነው። በእንግሊዝኛ ከተነገራችሁ ወይም ከተጻፈ የፈረንጅ ነው። ሰዓታችንና የነሱ በቀጠና አንድ ስለሆነ ግን ስልካችሁን ምንም አትንኩት። በየቀኑ «ጠዋት ነው ከሰዓት?» ብላችሁ ጠይቁ። አትፈሩ።

የጭነት መኪና ሹፌር፣ ከኮምቦልቻ፦ አውሮፕላን ለምን? ከአዲስ አበባ ሞያሌ 770 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከሞያሌ ናይሮቢም እንደዚያው። አስፋልት ነው። አገር እያዩ መሄድ የመሰለ ምን አለ?

ከቧንቧ ውሃ፦ ወንድሜ፣ ሁለት ልጅ ይዤ?

ሹፌሩ፦ ልጅ መንገድ ይለምዳል። እኛ በአይሱዙ ጀርባ አይደል ያደግነው?

ከሆጤ፦ በመኪና ከሆነ ስንት ብር ይበቃል?

መልስ፦ የብሩን ነገር ከላይ መልሻለሁ። ወንድሜ ሹፌሩ፣ ለአንተ መንገድ ሥራህ ነው፤ ብቻህን ከሆንክና ወር ካለህ ሂድ። የድንበሩን ወቅታዊ ሁኔታ ግን ጠይቅ። 10 ቀን ላላት እናት መሄጃና መመለሻው አራት ቀን ይበላባታል። በነገራችን ላይ ኬንያ መኪና የሚሄደው በግራ ነው። አስፋልት ስትሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ እዩ። የልጅ እጅ አትልቀቁ።

ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን የምትነሱ ደግሞ አዲስ አበባ አንድ ሌሊት እደሩ። በክረምት ዝናብና ጉም በረራ ሊያዘገይ ይችላል። የናይሮቢው አውሮፕላን አይጠብቃችሁም።

ከሰኞ ገበያ፦ በነሐሴ ልብስ ምን እንያዝ? እዚያም ክረምት ነው?

ከኮምቦልቻ፣ በርበሬ ወንዝ፦ አፍሪካ ምን ብርድ አለ? በቲሸርት ነው።

ከሰኞ ገበያ፦ አንተ ኮምቦልቻ ሆነህ ብርድ የት ታውቃለህ! አይጠየፍ ላይ አንድ ማታ ቁም።

ከኮምቦልቻ፣ በርበሬ ወንዝ፦ ደሴዎች በጉማችሁ ስትኮሩ ክረምቱ አለፈ።

መልስ፦ አብሽሩ፣ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ናይሮቢ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሐምሌና ነሐሴ ደረቅ ነው፣ ግን ሰማዩ ደመናማ ሆኖ ጠዋትና ማታ ይበርዳል። ሹራብ ያዙ። ሞምባሳ ግን ይሞቃል። ወባም ስላለ አጎበርና መድኃኒት አይርሳችሁ፤ ሐኪም አማክሩ።

ለልጆች ባሕሩን ቀድማችሁ አስረዷቸው። ሐይቅ ስንሄድ ውሃው ትናንት የነበረበት ነው ያለው። የሕንድ ውቅያኖስ ግን በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል፣ ሁለት ጊዜ ይመለሳል። ጠዋት የተራመዳችሁበት አሸዋ ከሰዓት ውሃ ውስጥ ነው። ስለዚህ ከመግባታችሁ በፊት ባሕሩ መቼ እንደሚሞላ ጠይቁ። ሰዓቱ ሲነገራችሁ ደግሞ የማን ሰዓት እንደሆነ!

እናት፣ ከመናፈሻ፦ ልጄ፣ ነሐሴ ፍልሰታ ነው። ምን እበላለሁ?

መልስ፦ እማማ፣ አይቸገሩም። ሱኩማ የሚሉት ጎመን በየቤቱ አለ። ጊቴሪ የሚባል በቆሎና ቦሎቄ አብሮ የተቀቀለ አለ። ቦሎቄ ቻፓቲ በሚሉት ቂጣም ይሰጣሉ። ሲያዝዙ «ሥጋ የለውም፣ ወተት የለውም» ብለው ይንገሯቸው። ናይሮቢ የአበሻ ምግብ ቤትም አለ። ሙስሊም ወንድሞችና እህቶች ደግሞ ሞምባሳ ሐላል ፍለጋ አያደክማችሁም።

አዲስ ጠያቂ፦ ኬንያ እንዴት ነው?

መልስ፦ ምኑ? ከላይ አንብብና ለይተህ ጠይቀኝ።

ከአራዳ፦ ማሳይ ማራን ሳያዩ ኬንያ ሄድኩ ማለት ይቻላል? ያ ሁሉ እንስሳ ወንዝ የሚሻገረው በክረምት ነው ይላሉ።

መልስ፦ እውነት ነው፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ድረስ ነው። ግን ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ ነዋሪ ላልሆነ ጎልማሳ መግቢያው ብቻ በቀን 200 ዶላር ነው። መኝታውና መኪናው ሌላ። አቅሙ ካላችሁ ሞምባሳን ትታችሁ ለማራ ሦስት ሌሊት ስጡ። ሁለቱንም በሩጫ አትያዙ። አቅሙ ከሌለ ናይሮቢ ከተማው ጥግ ብሔራዊ ፓርክ አለ። ከአንበሳው ጀርባ ፎቆቹ ይታያሉ። የመንግሥት ፓርኮች ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም፣ ቀድማችሁ በኢንተርኔት ክፈሉ።

ከፒያሳ፦ የትኛውን ሆቴል ትመክራለህ?

መልስ፦ ሆቴል አልመክርም። እህቴ ጋ ነው የማድረው።

ከሆጤ፦ በግምት እንኳ ስንት ብር...

መልስ፦ ሦስተኛ ጊዜህ ነው ወንድሜ። ስንት ሰው፣ ስንት ሌሊት፣ የት የት ብለህ ጻፍልኝ፤ ቁጭ ብለን እንደምራለን።

አንድ ነገር ሳልረሳ። ፌስታል ይዛችሁ እንዳትገቡ። ኬንያ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2017 ጀምሮ የፕላስቲክ ከረጢት ከልክላለች። ቆሎውን፣ በሶውን፣ በርበሬውን በጨርቅ ቋጥሩ። ዶላራችሁም አዲስና ያልተጻፈበት ይሁን። ናይሮቢ መሃል ከተማ የተቃውሞ ሰልፍ ካለ ደግሞ የዚያን ቀን አትሂዱ።

ከቧንቧ ውሃ፦ መምህር፣ ከባለቤቴ ጋር ተማከርን። ላሙ፣ ማሊንዲ፣ አምቦሴሊና ማራ ቀሩ። ልጆቹ ግን ወላጅ የሞተባቸው የዝሆን ግልገሎች የሚያድጉበትን ቦታ ማየት ይፈልጋሉ። 11:00 ይከፈታል ይላል።

መልስ፦ እሰይ! ደግ አደረጋችሁ። ለግልገሎቹ ቀድማችሁ ቦታ ያዙ። ጉብኝቱ በቀን አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ወተታቸውን በትልቅ ጡጦ ሲጠጡ ልጆቻችሁ በአጥሩ ገመድ በኩል ከቅርብ ያያሉ። 11:00 የተባለው ግን የፈረንጅ ነው፣ በኛ ጠዋት አምስት ሰዓት። አራት ተኩል ላይ በሩ ጋ ሁኑ።