የሰኔ ሚካኤልን ዝክር ለተራበ ጎረቤት ብሰጥ ማኅበር ማፍረስ ይሆንብኛል?

(ጥያቄውና መልሱ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ጊዜ የተጻፉ ናቸው።)

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ ይሁን መምህር። የምጽፍልዎ ከጅማ፣ ከፈረንጅ አራዳ ነው። የሚካኤል ማኅበር አለን፤ የሰኔ 12 ተረኛ እኔ ነኝ። ለዳቦው ስንዴ፣ ለጠላው ጌሾና ብቅል ገዝቼ ነበር። አሁን በኮሮና ምክንያት ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከልክሏል። አጠገባችን ያለችው እናት ቡና መጋዘን ውስጥ ቡና እየለቀመች ነበር የምታድረው፤ ሥራው ቆመባት። አራት ልጆች አሏት፣ ሙስሊም ናት። ስንዴውን ለእሷ ብሰጥ ማኅበሩን እንዳፈረስኩ ይቆጠርብኛል? የዘጠኝ ዓመት ልጄስ የሰኔን ጾም ይጹም? እኛም ቤት እንደ ድሮው አይደለም።

መልስ፦ አይቆጠርብሽም እኅቴ። ስጪያት።

ጌታ ግብዣ ስታደርግ የሚመልሱልህን ሳይሆን ድሆችን ጥራ ብሏል፤ ሉቃስ 14 ላይ አለልሽ። እኛ ግን ከጊዜ ብዛት ዝክሩን እርስ በርስ መጠራሪያ አድርገነው፣ ለነዳያን የሚደርሰው የተረፈው ቁራሽ ሆኖ ቀርቷል። ይህን ስል እኔም አብሬ በልቻለሁና ራሴንም ጨምሬ ነው። ዘንድሮ መሰብሰብ ቢከለከልም ማብላት አልተከለከለም። ድግሱ ቤትሽ መሆኑ ቀርቶ ጎረቤትሽ በር ድረስ ይሂድ፣ በቃ። ለማኅበርተኞችሽ ደውለሽ ንገሪያቸው፤ በዕለቱ ሁሉም በየቤቱ ቆሞ አቡነ ዘበሰማያት ይድገም። ጌሾና ብቅሉ ይቆይ፣ አይበላሽም። ስንዴው ግን ይፈጭ።

ሙስሊም መሆኗ አያስጨንቅሽ። ጌታ ባልንጀራዬ ማን ነው ብሎ ለጠየቀው ሰው የነገረው የሳምራዊውን ታሪክ ነው፤ ሳምራዊው የወደቀውን ሰው ሃይማኖት አልጠየቀም። በጅማ ደግሞ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ እናቶቻችን ቡና ተጠራርተው ሲጠጡ፣ አንዷ ስትወልድ ሌላዋ ገንፎ ስታገነፋ የኖሩ ናቸው። የሥጋ ነገር ይዞሽ ከሆነም ዘንድሮ ሰኔ 12 ጾም ላይ ነው የሚውለው፤ ዱቄት፣ ምስር፣ ዘይት፣ ጨው ማንም ቤት ይገባል። ሳሙናም ጨምሪበት፣ በዚህ በሽታ ጊዜ እንደ እንጀራ ነው። አራት ልጆች በዱቄት ብቻ አይጠነክሩም፤ ስለዚህ ባቄላ ወይም ሽንብራ ቢጨመር፣ ለትንንሾቹ ደግሞ እንቁላል ብታገኚ ጥሩ ነው።

ስትሰጪ ማታ ማታ ይሁን፣ ማስክሽን አድርገሽ፣ በር ላይ አስቀምጠሽ። ፎቶ የሚባል ነገር እንዳታነሺ። ቤቱ ሞልቶ ይኖር የነበረ ሰው እጁን ሲዘረጋ ምን እንደሚሰማው የሚያውቀው የደረሰበት ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፣ እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ነው። መጋቢት ላይ ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ የልጆች ረሃብ ከዓይን ተሰውሯል። ድሮ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ የሚተኛውን ልጅ መምህሩ ያየው ነበር፤ አሁን ግን ቤቱ ውስጥ ተደፍቶ ሲውል የሚያየው እናቱ ብቻ ናት፣ እሷም ለማንም አትናገርም። ክረምቱ ደግሞ ገባ፣ ቡና የሚደርሰው ከመስከረም ወዲያ ነው። በሐዋርያት ዘመንም በየቀኑ ከሚታደለው ምግብ የተረሱ መበለቶች ነበሩ፤ ሐዋርያትም ለዚሁ ሥራ ሰባት ዲያቆናትን ሾሙ። እናንተም ማኅበርተኞች ስንት ናችሁ? እያንዳንዳችሁ በሰፈራችሁ ጭስ የማይወጣበትን ቤት ብትቆጥሩ ስም ዝርዝሩ በአንድ ቀን ይሞላል።

ስለ ልጅሽ። ከሰባት ዓመት ጀምሮ ጾም እናስተምራለን፣ እውነት ነው። ግን ጾም ማለት ያለው ሰው የሚተወው ነገር ነው። ምግብ ከቤት ጠፍቶ ሳይበሉ መዋል ረሃብ እንጂ ጾም አይባልም። ልጅሽ ጤነኛ ከሆነ የጾም ምግብ፣ ሽሮውን፣ ንፍሮውን፣ በሶውን፣ በሰዓቱ ጠግቦ ይብላ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አታስጠብቂው። ከከሳ ወይም ከታመመ ለንስሐ አባትሽ ደውዪና የሚሉሽን አድርጊ፣ ቤተ ክርስቲያን በታመመ ላይ አትጨክንም። ሌላ ልጅ ይኑርሽ አይኑርሽ አልነገርሽኝም፤ ካለሽና ከሰባት በታች ከሆነ ወተትም ቢያገኝ ይጠጣ።

ስንዴውን ደግሞ እስከ 12 አታቆዪው። ነገ ጠዋት ወፍጮ ቤት ውሰጂው።