ግቢው ሰፋ፣ ሳሎኑ ግን ያው ነው

የአንባቢያን የኮምፒውተር ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምሠራው ኮምቦልቻ፣ አንድ የጅምላ መጋዘን ውስጥ ነው። ሰርቨራችን ዊንዶውስ ሰርቨር 2019 ነው። አራት ባለ 2 ቴራ ሃርድ ዲስኮች አንድ ስቶሬጅ ፑል ውስጥ ገብተዋል፣ እሱ ላይ በሚረር የተሠራ ቨርቹዋል ዲስክ አለ፣ ዲ ድራይቭ የምንለው እሱን ነው። ዲ ሞላብን። ሁለት ባለ 4 ቴራ አስገዝቼ ፑሉ ውስጥ ጨመርኳቸው፤ ፑሉም ከ7 ቴራ በላይ ባዶ ቦታ አለኝ ይላል። ቨርቹዋል ዲስኩን ላሳድግ ስል ግን «በቂ ቦታ የለም» ብሎ ይመልሰኛል። አለቃዬ «ታዲያ ብሩ የት ገባ?» እያለኝ ነው። ሁሉንም አጥፍቼ እንደ አዲስ ልሥራው ወይ?
እህትዎ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። ምንም ነገር አታጥፊ። ብሩም የትም አልገባም፣ ዲስኮቹ ላይ ነው ያለው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። ከጎረቤት መሬት ገዝተሽ አጥርሽን ብታሰፊ ግቢሽ ይሰፋል፣ ቤትሽ ግን አይሰፋም። ቤቱን ብትቀጥይም ግድግዳውን እስክታፈርሺው ድረስ ሳሎኑ ያው ነው። ፑሉ ግቢው ነው፣ ቨርቹዋል ዲስኩ ቤቱ ነው፣ ፓርቲሽኑ፣ ማለትም ፋይል የምታስቀምጪበት ዲስኩ ላይ የተከለለው ክፍል፣ ሳሎኑ ነው። ሦስቱም ለየብቻ «ስፋ» ካልተባሉ በራሳቸው አይሰፉም፤ ቅደም ተከተሉም ከግቢው ይጀምራል። አንቺ ግቢውን አስፍተሻል። የተያዝሽው ቤቱ ላይ ነው።

ለምን ተያዝሽ? ሚረር ማለት እያንዳንዱ ፋይል ሁለት የተለያዩ ዲስኮች ላይ ሁለቴ ይጻፋል ማለት ነው፤ ይሄን ታውቂዋለሽ። ብዙ ሰው የማያየው ኮለምን የሚባለውን ነገር ነው። አራት ዲስክ ይዘሽ ሚረር ስትሠሪ፣ ካልነካሽው በቀር ዊንዶውስ ሁለት ኮለምን ያደርገዋል። ማለትም ዳታውን ለሁለት ይከፍልና እያንዳንዱን ግማሽ ሁለት ዲስክ ላይ ይጽፋል። ስለዚህ በአንድ ጊዜ ባዶ ቦታ ያላቸው አራት ዲስኮች ይፈልጋል። እንደ ቃሬዛ አስቢው። ቃሬዛ አራት ሰው ይፈልጋል፤ ሁለት ጎረምሳ ቢመጣልሽ፣ የቱንም ያህል ጉልበተኛ ቢሆኑ፣ አራቱን ጫፍ አይዙልሽም። አራቱ የድሮ ዲስኮችሽ እጃቸው ሞልቷል፣ እጃቸው ባዶ የሆነው ሁለቱ አዲሶች ብቻ ናቸው። 7 ቴራው እውነት ነው፣ ግን የሚሸከመው አልተሟላም።

ይሄን አይነት ነገር ፑሉ በግልጽ ቢናገር ምን ነበረበት፤ «በቂ ቦታ የለም» ብሎ ሰውን ከአለቃው ጋር ያጣላል እንጂ።

ጥርጣሬ እንዳይገባሽ ፓወርሼልን፣ ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት፣ ከፍተሽ ጌት ቨርቹዋልዲስክ በሚለው ትእዛዝ የዲስኩን ነምበር ኦፍ ኮለምንስ እዪው። 2 ካለ ነገሩ ይሄው ነው። ይህ ቁጥር ደግሞ ዲስኩ ሲፈጠር ይወሰናል፣ ከዚያ በኋላ አይቀየርም።

ሁለት መውጫ አለሽ። አንደኛው ሁለት ዲስክ ጨምሮ መግዛት ነው፤ አዲሶቹ አራት ይሆናሉ፣ ችግሩም አለቀ። አለቃሽን ግን እኔ አላናግርልሽም። ሁለተኛው ብር አይጠይቅም። ከሰርቨር 2016 ጀምሮ ኦፕቲማይዝ ስቶሬጅፑል የሚባል ትእዛዝ አለ። ፑሉን በስሙ ጠርተሽ ስታዢው ዳታውን ስድስቱም ዲስኮች ላይ ያመጣጥነዋል። የድሮዎቹ ሸክማቸውን ለአዲሶቹ ያካፍሉና እነሱም ባዶ ቦታ ያገኛሉ፣ አራት እጅ ተገኘ ማለት ነው። ፑሉ የተፈጠረው ከ2016 በፊት በነበረ ሰርቨር ላይ ከሆነ ግን መጀመሪያ አፕዴት ስቶሬጅፑል ይፈልጋል፤ እሱን አንዴ ካደረግሽ ወደ ኋላ መመለስ የለም።

ማመጣጠኑ ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል። ሠራተኛ ከወጣ በኋላ ጀምሪው። ዩፒኤስሽ የሚያቆየው አሥር ደቂቃ ከሆነ ደግሞ ጄኔሬተሩ ነዳጅ እንዳለው ሳታዪ አትነካኪ፤ የኛን መብራት ታውቂዋለሽ።

ከዚያ በፊት ግን ባክአፕ! «ሚረር አለኝ እኮ» እንዳትዪኝ። ሚረር ዲስክ ሲሞት ያድንሻል። አንድ ሰው የዓመቱን ሂሳብ ቢያጠፋው ግን ከሁለቱም ዲስክ እኩል ይጠፋል፣ መስታወት አይደል። ባክአፑንም ሰርቨሩ ክፍል ውስጥ አታስቀምጪው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ሰርቨሩም ባክአፑም አንድ ክፍል የነበረበት ሰው ሁለቱንም ነው ያጣው። በኤክስተርናል ዲስክ ገልብጠሽ፣ ቆልፈሽ፣ ሐረጎን አሻግረሽ ደሴ ዘመድ ቤት አስቀምጪው። አንድ ሰዓት እንኳ የማይሞላ መንገድ ነው።

ማመጣጠኑ አልቋል እንበል። አሁን ቤቱን አስፊው፤ ሪሳይዝ ቨርቹዋልዲስክ ነው ትእዛዙ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ እኔም ተሳስቻለሁ። የሚጠይቅሽ መጠን የምትጨምሪውን ሳይሆን የመጨረሻውን ጠቅላላ ነው። ያለሽ 3.6 ቴራ ነው (ለምን 4 እንዳልሆነ የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ታዪዋለሽ)፣ 3 ልትጨምሪ ነው፤ ስለዚህ 6.6 ብለሽ ትጽፊያለሽ። 3 ብለሽ ከጻፍሽ «አሳንሰው» ያልሽው ይመስለዋልና እምቢ ይላል። እኔ በዚህ ምክንያት ግማሽ ሰዓት ከስክሪን ጋር ተጣልቻለሁ። በሂሳብ ደረጃ ሚረር ግማሹን ስለሚወስድ ከ7.2 ቴራው የምታገኚው ቢበዛ 3.6 ነው። አሟጠሽ ግን አትውሰጂው፣ ለፑሉ ትንፋሽ ተይለት።

ሳሎኑ ቀረ። ዲስክ ማኔጅመንትን ክፈቺ፣ ሪስካን ዲስክስ በዪ፣ ከዲ በስተቀኝ ባዶ ቦታ ብቅ ይላል። ዲ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርገሽ ኤክስቴንድ ቮሉም። ሰርቨሩን ማጥፋት አያስፈልግም፣ ሰዎች እየሠሩበትም ይሰፋል። አለቀ። ቡናው አቦል ላይ ከጀመርሽው በረካው ሳይደርስ ትጨርሺዋለሽ፣ የማመጣጠኑ ሌሊት ሳይቆጠር።

ጥያቄ፦ ቨርቹዋል ዲስኩን ከ1.8 ወደ 4 ቴራ አሳደግኩት፣ እሱ ተሳካ። ፓርቲሽኑ ግን 2 ቴራ ላይ ቆመ፤ የቀረው ባዶ ቦታ ለብቻው ተነጥሎ ይታያል፣ ኤክስቴንድ የሚለውም አይሠራም።
ከደሴ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዲስኩን መጀመሪያ ስታዘጋጅ ኤምቢአር የሚባለውን የድሮውን የፓርቲሽን አመዘጋገብ መርጠሃል። ኤምቢአር ከ2 ቴራ በላይ መቁጠር አይችልም፣ ስለዚህ ከዚያ ያለፈውን አጥር ሠርቶ ይከለክልሃል። አዲሱ አመዘጋገብ፣ ጂፒቲ፣ ነበር የሚያስፈልግህ። ዊንዶውስ ደግሞ የዳታ ዲስክን ከኤምቢአር ወደ ጂፒቲ የሚቀይርልህ ፓርቲሽን ከሌለበት ብቻ ነው። መንገዱ አሰልቺ ነው፤ ዳታውን ወደ ሌላ ቦታ ገልብጥ፣ ተገልብጦ በትክክል መከፈቱን አይተህ አረጋግጥ፣ ፓርቲሽኑን አጥፋ፣ ወደ ጂፒቲ ቀይር፣ መልሰህ አስገባ። ያለዳታ መጥፋት እንቀይራለን የሚሉ ፕሮግራሞች አሉ፤ የሰው ሰርቨር ላይ እኔ አልሞክራቸውም።

እግረ መንገድህን፣ አዲሱን ፓርቲሽን ፎርማት ስታደርግ ክላስተር ሳይዙን፣ ማለትም ዲስኩ ለፋይል የሚሰጠውን የትንሹን ቁራሽ መጠን፣ እየው። ዊንዶውስ ፋይሎችን የሚያደራጅበት ኤንቲኤፍኤስ በ4 ኪሎባይት ክላስተር ከ16 ቴራ አያልፍም። ዛሬ 16 ቴራ ሩቅ ይመስልሃል፣ 2 ቴራም ሩቅ መስሎህ ነበር።

ጥያቄ፦ ደሴ ፒያሳ አካባቢ 4 ቴራ ብሎ የሸጠልኝ ዲስክ ኮምፒውተሬ ላይ 3.63 ነው የሚለው። ተሸወድኩ?

መልስ፦ አልተሸወድክም። ፋብሪካው ቴራ ሲል 1,000 ጊጋ ማለቱ ነው፣ ጊጋውንም በ1,000 ይቆጥራል። ዊንዶውስ በ1,024 ይቆጥራል። ዲስኩ ላይ ያለው 4 ትሪሊዮን ባይት አልጎደለም፣ የተሰፈረበት ቁና ነው የተለያየው። ተጣልተኸው ከሆነ ሂድና ነጋዴውን አውፍ በለኝ በለው።