ስለ ቢርላ መመረቂያ ጽሑፍ ሊሠሩ ላሰቡት ጠያቂ፦ እኔን አንድ መንፈቅ ያስከፈለኝ ስሕተት

«ፋብሪካም ባንክም ያቋቋመ አንድ የእስያ ባለሀብት መርጬ የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፌን ልሠራ አስቤአለሁ፤ የሕንዱ ቢርላ ይሆነኛል ወይ? ከምንስ ልጠንቀቅ?» ብለው ለጠየቁት ወንድማችን በሰፊው የምመልሰው፣ እኔም ከአራት ዓመት በፊት በዚሁ ሰው ላይ ጽፌ ስለተቃጠልኩ ነው። ርእሱ ይሆንዎታል። እንደ እኔ ቀን ሥራ ውለው ማታ እንደሚማሩና የንድፈ ሐሳቡን ክፍል አስቀድመው እንደጨረሱ ቆጥሬ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ እገባለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታትና ቀናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. የትኛውን ቢርላ እንደሚጽፉ ከመጀመሪያው ገጽ ይለዩ። የእርስዎ ሰው በ1894 በራጃስታን፣ ፒላኒ በምትባል ከተማ ተወልዶ በ1983 ለንደን ውስጥ ያረፈው ጋንሻያም ዳስ ቢርላ ነው። አያቱም፣ አባቱም፣ ወንድሞቹም ነጋዴዎች ነበሩ፤ ዛሬ በዓለም የሚታወቀው የኩባንያዎች ቡድን ደግሞ በልጅ ልጁ በአዲትያ ስም ይጠራል። እኔ የልጅ ልጁን የታይላንድ ፋብሪካ ለአያቱ ሰጥቼ አማካሪዬ በቀይ ብዕር ሁለት ጊዜ አስምሮበት ነበር፤ ያ ግን ቀላሉ ነው።

2. «ከድህነት ተነሥቶ» የሚለውን መግቢያ ይተዉት፤ የነጋዴ ቤተሰብ ልጅ እንጂ የድኻ ልጅ አልነበረም። ክብደት ሊሰጡት የሚገባው የካልካታውን ዘመን ነው። ገና በወጣትነቱ በዚያች ከተማ የጁት፣ ማለትም የጆንያ መሥሪያው ቃጫ፣ ደላላ ሆኖ ሲሠራ ንግዱን የያዙት እንግሊዛውያንና ስኮትላንዳውያን ነበሩ። ወደ ቢሮአቸው ሲሄድ በሊፍታቸው እንዳይወጣ፣ ተራ ሲጠብቅም በአግዳሚ ወንበራቸው እንዳይቀመጥ ይከለክሉት እንደነበርና ስድቡ ውስጡን እንዳቃጠለው ራሱ ጽፎታል። ደላላው በ1919 የራሱን የጁት ፋብሪካ አቋቁሞ የእነዚያው ሰዎች ተፎካካሪ ሆነ። ከማኅተመ ጋንዲ ጋር የነበረውን ቅርበትና ለሕንድ የነጻነት ትግል ያወጣውን ገንዘብም ያለዚህ ታሪክ ማስረዳት አይቻልም። ጋንዲ በጥር 1948 የተገደለው እዚሁ ሰው ዴልሂ ቤት ግቢ ውስጥ መሆኑን ጽሑፌን በገምጋሚዎች ፊት በተከላከልኩበት ዕለት ስናገር፣ እስከዚያ ድረስ ስልኩን ይነካካ የነበረው ገምጋሚ ቀና ብሎ አየኝ።

3. የአገራችንን ግንኙነት አይዝለሉ፤ እዚህ ላይ ብዙ ደክሜአለሁ። የቢርላ ቤተሰብ በ1959 ኢትዮጵያ ውስጥ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አቋቁሟል፤ የሕንድ ኢንዱስትሪ ወደ ውጭ አገር የወጣበት የመጀመሪያው ትልቅ ሥራ እንደሆነ ይነገራል። የአቃቂው ኢንዶ ኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅ ማለት ነው። የድሮ ሰነዶች አሉበት ወደተባልኩት አንድ መሥሪያ ቤት የትብብር ደብዳቤ ይዤ ስሄድ፣ መጀመሪያ ደብዳቤው ማኅተም ቢኖረውም ቁጥር የለውም ተባልኩ፤ ቁጥር አስገብቼ ስመለስ ኃላፊዋ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ፤ ሦስተኛ ቀን ያገኘኋቸው ኃላፊ ደግሞ ቀና ሳይሉ «የሕንድ ታሪክ ከሆነ ለምን ሕንድ ኤምባሲ አትሄድም?» አሉኝ። ከሥራዬ ፈቃድ እየወሰድኩ ሦስት ሳምንት ተመላለስኩ። በኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ስለ ካልካታው አግዳሚ ወንበር ማስታወሻ ስይዝ፣ ቢያንስ እኔን መቀመጥ አልከለከሉኝም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። በመጨረሻ አንዲት ገጽ ሳላይ ቀረሁ። እርስዎ እንዲህ ያለውን በር ከማንኳኳት ይልቅ የቀድሞ የፋብሪካ ሠራተኞችን ያነጋግሩ፤ እኔን አንድ አዛውንት ሸማኔ ቡና አስፈልተው ግማሽ ቀን አጫወቱኝ። ቢርላ የሚለውን ስም ግን ሰምተውት አያውቁም ነበር።

4. ባንኩ ላይ ሲደርሱ ብዕርዎን ያዘግዩ፤ እኔ የወደቅሁት እዚህ ነው። በ1942 ጋንዲ እንግሊዞች ሕንድን ለቀው እንዲወጡ በጠየቀበት ንቅናቄ ወቅት፣ ቢርላ በሕንዳውያን ካፒታልና አመራር የሚሠራ ባንክ አሰበ፤ በ1943ም ዩናይትድ ኮሜርሻል ባንክ በካልካታ ተከፈተ። ሐምሌ 19 ቀን 1969 የኢንዲራ ጋንዲ መንግሥት ከ50 ክሮር ሩፒ በላይ ተቀማጭ የነበራቸውን 14 ባንኮች ሲወርስ ይህም አብሮ ተወሰደ፤ ቢርላ ያን ጊዜ 75 ዓመቱ ነበር። እኔ ታዲያ «ክሮር»ን ሚሊዮን ብዬ ተረጎምኩት። አንድ ክሮር ግን 10 ሚሊዮን፣ አንድ ላክ ደግሞ 100,000 ነው። ሕንዶች ሰማንያ ላክን 80,00,000 ብለው ይጽፋሉ፤ እኔ ኮማው ያለ ቦታው ሲገባ ዜሮ የጎደለው የማተሚያ ቤት ስሕተት መስሎኝ አንድ ዜሮ ጨመርኩበት! በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከ20 ላክ ወደ 80 ላክ አደገ ተብሎ የሚገመተው የቤተሰቡ ሀብት በእኔ ሠንጠረዥ 80 ሚሊዮን ሆነ፤ የ1969ኙ የባንኮች መለኪያ ደግሞ 50 ሚሊዮን። የውጭ ገምጋሚው ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን ገልጠው፣ «እንግዲህ ይህ ቤተሰብ ብቻውን በ1918 የነበረው ገንዘብ፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ አንድ ባንክ ለመወረስ ከሚበቃው ይበልጥ ነበር ማለት ነው?» ሲሉ አዳራሹ ሳቀ። ጽሑፉ ተመለሰልኝ፤ የአንድ መንፈቅ ክፍያ እንደገና ከፈልኩ፤ ሠንጠረዦቹንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእጄ አስልቼ ዳግመኛ አዘጋጀሁ። በሁለተኛው ዙር ያገኘሁት ውጤት ከክፍላችን ከፍተኛው ነበር።

የላክና የክሮሩን መቀየሪያ ሠንጠረዤን እልክልዎታለሁ፤ ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን ሩፒው የየትኛው ዓመት እንደሆነ የሚጽፉበት ባዶ ዓምድ አለው፤ እሱን ሳይሞሉ ለአማካሪዎ እንዳያስረክቡ።